ካሌብ ዊሊያምስን እንታገሠው ወይስ ቤንች ላይ ይቀመጥ?

ይህን ጥያቄ የአሜሪካ ፉትቦል የምንወድ ሐበሾች በምንወያይበት መድረክ ላይ የጻፍኩት ኖቬምበር 10 ቀን 2024 እሑድ ማታ ነው። ቺካጎ ቤርስ በገዛ ሜዳው፣ በሶልጀር ፊልድ፣ በፓትሪየትስ 19 ለ 3 ተሸንፎ ነበር። ኳርተርባካችን (ኳሱን የሚወረውረው መሪ ተጫዋች) ካሌብ ዊሊያምስ በዚያ አንድ ጨዋታ ዘጠኝ ጊዜ ሳክ ተደረገ። ኳሱን ሳይወረውር ዘጠኝ ጊዜ መሬት ላይ ደፉት ማለት ነው። የበለጠ የከነከነኝ ደግሞ የአሸናፊዎቹ ኳርተርባክ ድሬክ ሜይም እንደሱ ሩኪ (የመጀመሪያ ዓመት ተጫዋች) መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት በአሪዞና 29 ለ 9 ተሸንፈናል። ሁለት ሙሉ ጨዋታ፣ አንድም ታችዳውን (ስድስት ነጥብ የሚያስገኘው ዋናው ጎል) የለም።

ሐሳቤ አጭር ነበር። ልጁን እንታገሠው አልኩ። 23 ዓመት የሚሞላው ገና በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ኦክቶበር ላይ ለንደን ሄደው ጃጓርስን 35 ለ 16 ሲያሸንፉ፣ አራት አሸንፈው በሁለት ብቻ ነበር የተሸነፉት። ያኔ ሁላችንም ይሄ ልጅ ተሳካለት፣ ኮከብ ነው ስንል ነበር። ችሎታ በአንድ ወር አይጠፋም። ፔይተን ማኒንግም በ1998 ሲጀምር ኮልትስ በሦስት ጨዋታ አሸንፎ በ13 ነው የተሸነፈው፣ እሱም 26 ኢንተርሴፕሽን (ተቃራኒው የያዘው ውርወራ) ወረወረ፣ በዓመቱ ግን ነገሩ ተገልብጦ 13 አሸነፉ ብዬ ጻፍኩ። ቁጥሯን ተሳስቻለሁ፣ እመለስባታለሁ። መጨረሻ ላይ ጥያቄዬን አስቀመጥኩ። ትዕግሥቱ እስከ መቼ ነው? ምን ስናይ ነው በቃ የምንለው?

መልስ 1 በአሥር ደቂቃ ውስጥ መጣ። ቺካጎ ያለ ሰው ነው፣ በኔ ሐሳብ ተስማማ። ጥፋቱን ሁሉ በማጥቃት አስተባባሪው በሼን ዋልድረን ላይ ጣለው።

መልስ 2 ከላስ ቬጋስ ነው፣ እሱ ግን አልራራልኝም። የቤርስ ደጋፊ ትዕግሥት የሚባለውን መድኃኒት ጠጥቶ ጠጥቶ ሆዱ ተበላሽቷል አለ። በ2017 ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) ላይ፣ ኋላ ታላቅ ኮከብ የሆነው ፓትሪክ ማሆምስ እያለ ሚች ትሩቢስኪን ሁለተኛ ምርጫ አድርገው ወሰዱት፣ ታገሡ ተባልን። በ2021 ጀስቲን ፊልድስን አመጡ፣ ታገሡ ተባልን፣ እሱንም በ2024 ለስቲለርስ በስድስተኛ ዙር ምርጫ ሸጡት። አሁን ሦስተኛው መጣ። ቡድኑን ለታይሰን ቤጀንት ስጡትና ልጁ ቁጭ ብሎ ይማር፣ ይህ ነው የሱ አቋም። ቤጀንት ድራፍት ላይ ማንም ሳይመርጠው፣ ዌስት ቨርጂኒያ ካለች ትንሽ ኮሌጅ የመጣ ተቀያሪ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ የዚህ ሰው ቁጣ ከየት እንደመጣ ገብቶኛል። እኔም ሦስቱንም ጊዜ እዚሁ ነበርኩ።

መልስ 3 ጨዋታውን ገና እየለመደች ያለች እህት ናት። በኛ እግር ኳስ አንድ ተጫዋች ከደከመ ይቀየራል፣ ይሄ ለምን አገር ምድሩን ያናውጣል ብላ በትሕትና ጠየቀች። ለዚህ መልስ 4 ላይ ጥሩ ማብራሪያ ተሰጠ። ኳርተርባክ ማለት ኳሱ ሁልጊዜ በእጁ የሚጀምር ሰው ነው። ሦስት ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የተቃራኒውን አሰላለፍ አንብቦ፣ ለማን እንደሚወረውር ወስኖ መልቀቅ አለበት። ኮሌጅ ውስጥ ጓደኛው ነጻ ሆኖ ሲያይ ነው የሚወረውረው፣ እዚህ ግን ነጻ ከመሆኑ በፊት መልቀቅ አለበት። ይህን ለመልመድ ሁለት ዓመት የሚፈጅበት አለ። እሱን ከቀየርክ ደግሞ የቡድኑን አእምሮ ነው የቀየርከው። እኔ ከዚህ የተሻለ አላስረዳም ነበር።

መልስ 5 ከዳላስ። ትሮይ ኤክማንን አነሣ። በ1989 የመጀመሪያው ምርጫ ሆኖ መጣ፣ በቋሚነት በጀመረባቸው 11 ጨዋታዎች አንዱንም አላሸነፈም። ካውቦይስ ያን ዓመት በጠቅላላው አንድ ጨዋታ ነው ያሸነፈው። ከዚያ በኋላ ሦስት ሱፐር ቦውል (የሊጉ ዋንጫ) አሸነፈ። ዳላስ ያለ ሐበሻ ይህን ታሪክ ቡና ላይ ሳያነሣ አይውልም መሰለኝ።

መልስ 6 እኔን አረመኝ። ማኒንግ በ1998 የወረወረው ኢንተርሴፕሽን 28 ነው፣ 26ቱ የታችዳውኑ ቁጥር ነው አለ። ትክክል ነው። 28 እስከ ዛሬ የሩኪ ክብረ ወሰን ነው። እርማቱን ተቀብዬ አስተካከልኩ።

ታዲያ የቬጋሱ ሰው መልስ 7 ላይ ያንኑ ዓመት ይዞ ተመለሰብን። በ1998 ማኒንግ አንደኛ ሲመረጥ ሁለተኛው ማን ነበር? ራያን ሊፍ። ሁለት ታችዳውን፣ 15 ኢንተርሴፕሽን። እሱንም ታገሡት ነበር፣ የትም አልደረሰም። ጃማርከስ ራስል በ2007 አንደኛ ተመርጦ በሦስት ዓመት አበቃለት። የተሳካላቸውን ብቻ እየቆጠራችሁ ነው፣ የወደቁትንም ቁጠሩ አለን። ይህ ከክርክሩ ሁሉ ጠንካራው ነጥብ ነበር። የቁጥር ሰንጠረዥ ብቻ ብታይ የማኒንግንና የሊፍን የመጀመሪያ ወር መለየት ከባድ ነው። ልዩነቱን ለማየት ሜዳው ላይ ያለውን ልጅ ማየት አለብህ። ስሕተቱ ይደጋገማል? ከተመታ በኋላ ዓይኑ ወደ ሜዳው ያያል ወይስ ወደሚመጡበት ሰዎች? ይህንን ጻፍኩለት። አላረካውም።

ከ8 እስከ 10 ያሉት የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ልጆች ናቸው። እነሱ የመጡት ሊከራከሩ አይደለም፣ ደስታቸውን ሊነግሩን ነው። በድራፍቱ አንደኛ ከተመረጠው ከካሌብ ቀጥሎ ሁለተኛ የተመረጠው ጄይደን ዳንኤልስ የነሱ ነው፣ ገና ከጅምሩ እያበራ ነበር። ኦክቶበር 27 ላንዶቨር ሜዳ ላይ ቤርስ ሊያሸንፍ ሰከንዶች ሲቀሩት ያ ረጅም ተስፋ ቢስ የመጨረሻ ውርወራ ተነካክቶ ኖዋ ብራውን እጅ ገባና 18 ለ 15 አሸነፉን። እኔ ያን ማታ እራት አልበላሁም። ቤርስ የወደቀው ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሦስቱ አንዱ ግን ቅን ሰው ነበር። ካሌብ የተወለደው ዲሲ ነው፣ እዚያው ጎንዛጋ የሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው የተማረው፣ ስለዚህ የኛም ልጅ ነውና አትስበሩብን ብሎ ጻፈ።

መልስ 11 አርሊንግተን ያለ ሰው ነው። ዳንኤልስ የመጣው የተዘጋጀ ሆኖ ነው፣ እውነተኛ ኮከብ ትዕግሥት አያስፈልገውም፣ ሲያዩት ይታወቃል አለ። ወዲያው መልስ 12 ላይ አንድ ትልቅ ሰው፣ ጋሼ ልበላቸው፣ ሮበርት ግሪፈንን አስታወሱት። በ2012 የዓመቱ ምርጥ ሩኪ ነበር። ዋሽንግተን በሙሉ ስሙን ለብሶ ይሄድ ነበር። ጃንዋሪ 2013 ከሲያትል ጋር በነበረው ጨዋታ ያ ጉልበቱ ሄደ፣ ከዚያ በኋላ ያው ልጅ አልነበረም። ቶሎ የበራውንም ቢሆን መጠበቅ ያስፈልጋል አሉ። የአርሊንግተኑ ልጅ መልስ አልሰጠም።

ከዴንቨር የመጣው መልስ 13 ብዙ አስተምሮኛል። የነሱ ሩኪ ኳርተርባክ ቦ ኒክስ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች አንድም የታችዳውን ውርወራ አልነበረውም። ከተማው ሁሉ ያጉረመርም ነበር። አሰልጣኙ ሾን ፔይተን ግን አላስቀመጠውም፣ ሥራውን አቀለለለት። አጫጭር ውርወራ፣ ከጠባቂዎቹ መሐል ወጥቶ እየሮጠ የሚወረውራቸው ጨዋታዎች፣ ግማሽ ሜዳ ብቻ የሚነበብባቸው። በኖቬምበር ሌላ ሰው ሆነ። የዴንቨሩ ሰው ያለን ይህንን ነው፦ እናንተ ትዕግሥት የምትሉት ልጁን እዚያው መከራ ውስጥ እያስቀመጡ መጠበቅን ነው።

መልስ 14 ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ነርስ ናት፣ ልጆቿ ፉትቦል ይጫወታሉ። አዲስ ነርስ ሆና ስትገባ ብዙ ሳምንት ከአንድ የቆየች ነርስ ኋላ እየተከተለች ነው የሠራችው። ብቻሽን ግቢ፣ ስድስት በሽተኛ ያዢ ያላት የለም። ብቻቸውን የተጣሉትን ታውቃለች፣ ጎበዞች ነበሩ፣ ግን ሥራውን ጠልተው ወጡ። ታዲያ ይህን ልጅ ለምን በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም አሸከሙት? ስትል ጠየቀች። መልስ 15 ደገፋት። ማሆምስ ከአንድ ጨዋታ በቀር 2017ን ከአሌክስ ስሚዝ ኋላ ተቀምጦ ነው ያሳለፈው፣ አሮን ሮጀርስ ሦስት ዓመት ከብሬት ፋቭር ኋላ ጠበቀ። አትላንታም ያን ዓመት ማይክል ፔኒክስን ከከርክ ከዝንስ ኋላ አስቀምጠውት ነበር። መልስ 16 ደግሞ ማኒንግም ኤክማንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተጫውተዋል፣ ስለዚህ ሕግ የለውም አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ ግን የነርሷ ነገር ነው ልቤ ውስጥ የቀረው። የመቀመጥና የመጫወት ጉዳይ ሳይሆን፣ አጠገብህ ማን አለ የሚለው።

መልስ 17 ላይ ገንዘቡ መጣ። ከ2011 በፊት ሩኪ ገና ሳይጫወት ሀብታም ይሆን ነበር። ሳም ብራድፈርድ በ2010 ሲፈርም 50 ሚሊዮን ዶላሩ ዋስትና ያለው ነበር። አሁን ክፍያው የተወሰነ ነው፣ አራት ዓመት፣ በመጀመሪያ ዙር ለተመረጠ ደግሞ ቡድኑ ከፈለገ አምስተኛ ዓመት። ኳርተርባኩ ርካሽ በሆነባቸው በነዚያ ዓመታት ነው ቡድኑ ሌሎቹን ሊገዛ የሚችለው። ስለዚህ አንድ ዓመት ማባከን ውድ ነው፣ ቡድኖች የሚቸኩሉት ለዚህ ነው አለ። ትዕግሥት ቀን ተቆርጦለታል ማለት ነው። ለኔ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ የሰጠ እሱ ብቻ ነው። እስከ ሦስተኛው ዓመት መጨረሻ አለ፣ ምክንያቱም ስለ አምስተኛው ዓመት የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ ተጀመረ። ከ18 እስከ 23። ጉዳዩ የሳኩ ጥፋት የማን ነው የሚል ነው። አንዱ ወገን ከፊቱ ቆመው የሚጠብቁት አምስቱ ልጆች ወንፊት ናቸው አለ፣ በ2002 ሂውስተን ውስጥ 76 ጊዜ የተደፋውን ዴቪድ ካርን አነሣ። አዲስ ቡድን፣ ደካማ መስመር፣ አንደኛ የተመረጠ ልጅ። ካር ከዚያ ድብደባ አገግሞ የተጠበቀውን ሰው አልሆነም። የቬጋሱ ሰው ደግሞ ጨዋታውን ደግሜ አይቼዋለሁ፣ ካሌብ ኳሱን ይዞ ይቆያል፣ መሐል ላይ የቀረበ ሰው እያለ ሩቁን ይጠብቃል፣ ኮሌጅ የለመደውን ተአምር ይፈልጋል አለ። እኔም ደግሜ አየሁ። ሁለቱም እውነት ናቸው። መስመሩ ፈራርሷል፣ ልጁም ይቆያል። ተመትተህ ተመትተህ የትኛው ቀድሞ እንደመጣ ራስህም አታውቀውም።

መልስ 22 ላይ አንዱ ለነርሷ በሕይወትሽ ኳስ ነክተሽ ታውቂያለሽ ወይ የሚል ነገር ጻፈ። ይህ አስቆጣኝ። እዚህ ከተጻፈው ሁሉ ጠቃሚውን የጻፈችው እሷ ናት፣ ይቅርታ ጠይቃት ብዬ መለስኩለት። አልጠየቀም፣ ጽሑፉን ግን አጠፋው። እሷም ሳትጣላ ቀጠለች።

ከ24 እስከ 28 ወሬው ሌላ ቦታ ሄደ። ቺካጎ ላይ ጨዋታው ቀትር ላይ ይጀምራል፣ እሑድ ቅዳሴ ሲረዝም የመጀመሪያው ኳርተር ያመልጣል። ማን ስልኩን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይከፍታል፣ ማን እስከ ግማሽ ድረስ ውጤት ሳይሰማ ይቆያል የሚለው ረጅም ጨዋታ ሆነ። አንዷ ባሏ ውጤቱን ሳይሰማ ቤት ለመድረስ ከማንም ጋር ሳያወራ ከግቢው እንደሚወጣ ጻፈች። ደስ ይል ነበር።

ማክሰኞ ዋልድረን ተባረረ። ውይይቱ እንደገና ነደደ። መልስ 1 ላይ የነበረው የቺካጎ ሰው አላልኳችሁም ብሎ ተመለሰ። እኔ ግን ደስ አላለኝም፣ ምክንያቱን ጻፍኩ። አሜሪካ እንደመጣሁ አንድ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። በአምስት ወር ሦስት አለቃ ተቀያየረብኝ። አንደኛው ዕቃውን በዚህ ደርድር ይለኛል፣ ሁለተኛው ማን እንዲህ አድርግ አለህ ብሎ ያፈርሰዋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ። በመጨረሻ እጄ አንድ ዕቃ ከማንሣቱ በፊት የሚያመነታ ሆነ። ሰነፍ አይደለሁም፣ ግን ሰነፍ መሰልኩ። አሌክስ ስሚዝ የሆነው ይህ ነው። በ2005 አንደኛ ተመርጦ አንድ ታችዳውንና 11 ኢንተርሴፕሽን ነበረው፣ ከዚያ በየዓመቱ ማለት ይቻላል አስተባባሪ ይቀያየርበት ነበር፣ ከንቱ ነው ተባለ። በ2011 አሰልጣኙ ጂም ሃርቦ መጣና ያው ሰው ቡድኑን 13 ጨዋታ አሸናፊ አደረገው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰዉ ሲሰድበው የነበረው ያንኑ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን በፍጥነት ልለፋቸው፣ ምክንያቱም አብዛኛው ለቅሶ ነው። በፓከርስ 20 ለ 19፣ የመጨረሻዋ ምት ታግዳ። በቫይኪንግስ 30 ለ 27፣ በጭማሪ ሰዓት። ልጁ በነዚህ ጨዋታዎች ተሻሽሎ ነበር፣ ይህን የቬጋሱ ሰው ራሱ መልስ 36 ላይ መሰከረ። ከዚያ የታንክስጊቪንግ ቀን ዲትሮይት። 23 ለ 20 እየተመሩ፣ ከግማሽ ደቂቃ ትንሽ በላይ ሲቀር ካሌብ ሳክ ተደረገ፣ ታይም አውት (ሰዓቱን የማስቆም መብት) በእጃቸው እያለ ማንም ሳይጠራው ሰዓቱ አለቀ። በማግስቱ ዋናው አሰልጣኝ ማት ኢበርፍሉስ ተባረረ። በቤርስ ታሪክ ውድድሩ መሐል ላይ አሰልጣኝ ሲባረር የመጀመሪያው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ሰዎች ያመጡት ምሳሌ እኩል መዝኖ ቀረ። መልስ 41 ጃሬድ ጎፍን አመጣ። በ2016 በጀመረባቸው ሰባት ጨዋታዎች ሁሉ ተሸነፈ፣ አሰልጣኙ ተባረረ፣ የ30 ዓመቱ ሾን መክቬይ መጣ፣ በሁለት ዓመት ሱፐር ቦውል ደረሱ። መልስ 42 ጆሽ ሮዘንን። አሪዞና በ2018 አንድ ዓመት አጫወቱት፣ አሰልጣኙን አባረሩ፣ አዲሱ አሰልጣኝ ሲመጣ ካይለር መሪን መርጠው ሮዘንን ለማያሚ አሳልፈው ሰጡት። እንግዲህ አሰልጣኝ ሲቀየር ልጁ ይድናል ወይም አብሮ ይጠረጋል። እዚህ ላይ ነው አቋሜን ያስተካከልኩት። መጀመሪያ ልጁን እንታገሥ ስል በዙሪያው ያሉትንም አብሬ ታግሼ ነበር። እነሱን መታገሥ አልነበረብኝም። ልጁ ዓመቱን 68 ጊዜ ተደፍቶ ጨረሰ፣ ኢንተርሴፕሽኑ ግን ስድስት ብቻ ነበር። ያን ያህል ተመትቶ ኳሱን ለጠላት ያልሰጠ ልጅ ፈሪ አይባልም። የመጨረሻውን ጨዋታ ደግሞ ፓከርስን በሜዳቸው 24 ለ 22 አሸነፉ።

ውይይቱ ተኝቶ ቆየ። የቀሰቀሰው በጃንዋሪ 2026 የቬጋሱ ሰው ራሱ ነው። ቤን ጆንሰን በአሰልጣኝነት መጥቷል፣ ጆ ቱኒ፣ ድሩ ዳልማንና ጆና ጃክሰን መስመሩ ላይ ተጨምረዋል፣ ቤርስ 11 አሸንፎ ምድቡን ወስዷል። ሳኩ ከ68 ወደ 24 ወርዷል። ቤጀንት ይግባ ያልኩት ስሕተት ነበር ብሎ በግልጽ ጻፈ። ግን አሁንም ከሚወረውራቸው ኳሶች የሚደርሱት ከመቶ 60 አይሞሉም፣ ይህን ማንም እንዳይሸፍነው አለ። አልሸፍነውም፣ እውነት ነው። የሚቀጥለው ዓመት ፈተናው እሱ ነው።

መጨረሻ ላይ የጻፈው የአርሊንግተኑ ልጅ ነው። ዋሽንግተን አምስት ጨዋታ ብቻ አሸንፎ ጨርሷል። ዳንኤልስ በተደጋጋሚ ተጎዳ፣ ኖቬምበር ላይ ከሲያትል ጋር ሲጫወቱ ክርኑ ከቦታው ወጣ። አሁን እኛስ እንታገሠው ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ከድሮው ድምፁ ምንም አልቀረም። ቀድማ የመለሰችለት ነርሷ ናት። የሚወረውርበት እጅ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አይደለም፣ ግራው ነው አላት። እግዚአብሔር ይመስገን ብላ ሌላ ጥያቄ አከለች። ያን ማታ አራተኛው ኳርተር ላይ ሲያትል በብዙ ይመራ ነበር፣ ጨዋታው አብቅቶለታል። ታዲያ ልጁ በዚያ ሰዓት ሜዳ ላይ ምን ያደርግ ነበር?

እስካሁን ማንም አልመለሰላትም።